ሁለተኛው ቻው

«ማን ልበል?» አለኝ በሩ።

ከውጭ አገር ከተመለስኩ ስምንት ወር ሆኖኝ ነበር፤ መልስ ግን አልነበረኝም። ደብረ ብርሃን ውስጥ በር ሁሉ ይህንኑ ይጠይቃል፤ የዳቦ ቤቱም፣ የክሊኒኩም፣ የሕዝብ መጸዳጃውም። ድምፁ የትሑት ሴት ድምፅ ነው። አይቆጣም፣ አይሰለችም። «ያፌት» ስለው «ያፌት የሚባል መስመር አላገኘሁም፤ ማን ልበል?» ይላል። ኢስቶኒያ ያገኘሁትን ዲግሪ ባሳየው «በጣም ጥሩ፤ ማን ልበል?» ይላል። ውጭ ደግሞ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል።

ባለመስመር፣ ማለት በከተማው ማሽን ላይ የራሱ ቁጥር ያለው ሰው፣ አምባሩን አስሮ ሲቀርብ በሩ ራሱ ይከፈትለታል። መስመር የሌለው ሰው ጥግ ይዞ ባለመስመር እስኪመጣ ይጠብቅና ጀርባው ላይ ተለጥፎ ይገባል። እኔ የመሥሪያ ቤቴን በር የምገባው በጋሽ ወንድይራድ ጀርባ ነበር። አውቶቡስም የምሳፈረው ከእሳቸው ጋር ነበር፤ በሻንጣነት።

«ዕቃ ይዘዋል?» ይላል አውቶቡሱ።

«አንድ ሻንጣ» ይላሉ ጋሽ ወንድይራድ። «ስልሳ ሁለት ኪሎ።»

የመጀመሪያው ቀን «ጋሼ፣ ስልሳ አንድ እኮ ነኝ» ብዬ ነበር። በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ።

«ዝም በል፤ ሻንጣ አይናገርም!»

ጋሽ ወንድይራድ በከተማው የመስመር ጽሕፈት ቤት ሠላሳ ዓመት የሠሩ ኦፕሬተር ናቸው። እኔ የዚያው ቤት የመስመር ዘጊ ነበርኩ።

በርና አውቶቡስ ሁሉ የሚታዘዙለት የጽሕፈት ቤቱ ማሽን ነገር አጭር ነው። በአንድ ጊዜ ከስድሳ አምስት ሺህ አምስት መቶ ሠላሳ አምስት በላይ መስመር መክፈት አይችልም። ይህን ቁጥር የወሰኑት ሰዎች ሞተዋል፤ መስመራቸው ግን ክፍት ነው። የሌሎች ሃያ አንድ ሺህ ሙታን መስመርም እንዲሁ። ባለፈው ዓመት «ምስጉን ተሳፋሪ» ተብሎ የተሸለመው ሰው ከተቀበረ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ የዳኞቹ ሪፖርት «አንድም ቀን ተጋፍቶ አያውቅም» ይላል። በአንጻሩ ከሰኔ ወዲህ የተወለዱ ሕፃናት መስመር ስላልተረፈላቸው ክሊኒክ የሚገቡት በሦስት ኪሎ ሻንጣነት ነበር። ሻንጣ ደግሞ አይከተብም።

የሙታኑ መስመር ለምን እንደማይዘጋ መጠየቅ የሚችለው ርቆ የኖረ ሰው ብቻ ነው። እዚህ አገር «ቤቱ ይዘጋ» ከእርግማን ሁሉ የከፋ እርግማን ነው። የሟች ቤተሰብ ፊት ቆሞ «ልዝጋው» የሚል ሠራተኛ በሠላሳ ዓመት አልተገኘም። በመጨረሻ ማስታወቂያ ወጣ፤ ውጭ የተማረ ይፈለጋል የሚል።

«ውጭ የተማረ ሰው እርግማን አይይዘውም» አሉኝ ጋሽ ወንድይራድ የተቀጠርኩ ዕለት። «ቀድሞ ይዞታል።»

ቤተሰብ ካልፈቀደ ደግሞ መዝጋት አይቻልም። በስምንት ወር ያንኳኳሁት ቤት መቶ አርባ፣ የዘጋሁት መስመር ዜሮ። የሚለቀቅ ቁጥር ለወረፋው መጀመሪያ ሰው ይሰጣል፤ የወረፋው መጀመሪያ ሰው እኔ ነበርኩ። ማንም ስላልጠየቀኝ ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ኢስቶኒያ፣ ታርቱ ከተማ ያስተማሩኝ ሽማግሌ ፕሮፌሰር የመዝጋትን ጥበብ በአራት ትእዛዝ ነበር የጨረሱት። አፍስስ። መልሱን እይ። ዝጋ። ቁጥሩን እርሳ። ሰው የሚናገረው ነገር ቀጥታ መዝገብ ላይ አይሰፍርም፤ መጀመሪያ ማቆያ ውስጥ ይጠራቀማል። ማቆያው አራት ሺህ ዘጠና ስድስት ፊደል ሲሞላ ወደ መዝገቡ ይፈሳል። ሳይሞላ ከተቋረጠ የተጠራቀመው ይጠፋል፤ ስለዚህ ከመዝጋት በፊት ማፍሰስ ነው። ማሽኑ «ፈሷል» ማለቱን ሳያዩ አለመቀጠል ነው። ከዚያ አንድ ጊዜ መዝጋት፣ ቁጥሩንም ወዲያው ከስክሪኑ አጥፍቶ መርሳት ነው፤ ምክንያቱም የተዘጋ ቁጥር በሰከንድ ውስጥ ለሌላ ሰው ይሰጣል። «ሁለቴ የሚዘጋ» ይሉ ነበር ፕሮፌሰሩ፣ «ሁለተኛውን የሚዘጋው የማያውቀው ሰው ላይ ነው።» እሳቸው ስልክ ሲጨርሱ ቻው እንኳ አይሉም ነበር። ጠቅ። እዚህ ግን ሰው አንድ ስልክ ለመዝጋት አሥራ አንድ ጊዜ ቻው ይላል፤ ቆጥሬያለሁ። ስምንት ወር ሙሉ ስስቅበት ከረምኩ።

በኅዳር የመጀመሪያው ሰኞ ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ማሽኑ ስለታፈነ ሐሙስ ጠዋት ጠፍቶ ይበራል። ከታች በደቃቁ፦ «በማቆያ ያለ ንግግር አይመለስም።»

ጋሽ ወንድይራድ ማስታወቂያውን ሁለት ጊዜ አነበቡና ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ጥላዬ» አሉ። «የጥላዬ ማቆያ ሞልቶ አያውቅም።»

አቶ ጥላዬ የቀድሞ ጎረቤታቸው ነበሩ፤ መስመር ቁጥር 4117። ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ብዙ ሰው ማቆያውን በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይሞላል፤ አክስቴ ከቁርስ በፊት ትሞላለች። የአቶ ጥላዬ ማቆያ ለመጨረሻ ጊዜ የፈሰሰው ከመሞታቸው ሁለት ዓመት ከአራት ወር በፊት ነበር። ከዚያ በኋላ የተናገሩት ሁሉ ገና እዚያው ተቀምጧል።

ማክሰኞ ጠባሴ ሰፈር፣ የአቶ ጥላዬ ባለቤት እትዬ አስካለ ቤት ሄድን። ጠንካራ የጽድ በር ነው።

«ማን ልበል?» አለኝ በሩ።

«ዕቃ ነው፤ አስገቢው» አሉት ጋሽ ወንድይራድ።

እትዬ አስካለ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጠን ያሉ ሴት ናቸው። ጭናቸው ላይ ባና፣ ወፍራሙን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ዘርግተው ጠርዙ ላይ በቀይ ክር አንድ ነገር ይጠልፋሉ። ጠጋ ብዬ አየሁት። 4117።

«ምን ፈልጋችሁ ነው?»

«የአቶ ጥላዬን መስመር ለመዝጋት ነው» አልኩ።

ጋሽ ወንድይራድ ሳል ያዛቸው። «ማሳረፍ ማለቱ ነው፣ እትዬ።»

«መዝጋት ነው ያልኩት።»

መርፌያቸውን ባናው ላይ ሰክተው አዩኝ። «ይሄን ደግሞ የት አሳደጉት?»

«የተወለደውስ እዚሁ ነው» አሉ ጋሽ ወንድይራድ። «የተበላሸው ውጭ ነው።»

«ሲዘጋ ቁጥሩ ለማን ይሰጣል?»

ከመቶ አርባ ቤት ይህን የጠየቀ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ነበሩ። «ወረፋው ላይ አንደኛ ላለው» አልኩ።

«ማነው እሱ?»

«እኔ ነኝ።»

«እሰይ!» አሉና ጉልበታቸውን መቱ። «አልጋውን ሊለካ መጥቶ ነዋ! ወንድዬ፣ አንተስ ምን ልትወስድ ነው? ኮቱን?»

«ኧረ እትዬ፣ በሞቴ! ኮቱ ይጠበኛል።»

ተነስቼ ልወጣ ነበር፤ ግን በሩ እንደማይከፍትልኝ ትዝ አለኝ። ስለዚህ ተቀምጬ ስለ ሐሙስ ነገርኳቸው። ማሽኑ ሲጠፋ ማቆያው ባዶ ይሆናል። ማቆያ ውስጥ ያለ ነገር አይነበብም፤ የሚነበበው ከፈሰሰ ብቻ ነው፤ የሟች ማቆያ የሚፈሰው ደግሞ መስመሩ ሲዘጋ ነው። የመጨረሻ ቃላቸው እዚያ ውስጥ አለ።

እትዬ አስካለ የጠለፉትን ቁጥር በጣታቸው ዳሰሱት።

«በሞተበት ዋዜማ ማታ በጨው ተጣልተን ነበር» አሉ። «ንጋት ላይ ደረቱን ሲያመው ሳይቀሰቅሰኝ ወጣ። እኔን የቀሰቀሰኝ ብርዱ ነው። በሩን ወለል አድርጎ ትቶት ሄዷል። በኅዳር! ሠላሳ አራት ዓመት አብሬው ስኖር በር ክፍት ትቶ አያውቅም። ንቆኝ ነው አልኩ። እልህ ያዘኝና፣ ራሱ መጥቶ ይዝጋው ብዬ ተሸፋፍኜ ተኛሁ። በኋላ ነፋስ ዘጋው። እሱ ለካ የክሊኒኩ አውቶቡስ ላይ ሞቷል።» መርፌውን ነቅለው መልሰው ሰኩት። «አብራው የተሳፈረች ሴት ነበረች። አውቶቡሱን ሲያናግረው አይታለች፤ ምን እንዳለ ግን አልሰማችም። ስድስት ዓመት የማስበው እሱን ነው። ከሰደበኝም ስድቡ የኔ ነው፤ ልስማው።»

«እንግዲያው ይፍቀዱልኝ» አልኩ።

«ቤቴን በገዛ እጄ ልዝጋ?»

«ሐሙስ ማሽኑ ይዘጋልዎታል፤ ያለ ቃሉ።»

እትዬ አስካለ ጋሽ ወንድይራድን አዩ። ጋሽ ወንድይራድ ጣሪያውን አዩ።

«ደግ» አሉ እትዬ አስካለ። «ነገ እመጣለሁ። ግን እንደ ሰው ይሸኛል። ጠቅ አድርጋችሁ እንዳትጥሉት።»

ረቡዕ ጠዋት እትዬ አስካለ ባናውን ይዘው ጽሕፈት ቤቱ መጡ፤ ብርድ እንዳይመታው ብለው ስክሪኑ ላይ ደረቡለት። ቁጥሩ ብቻ እንዲታይ ጠርዙን አጠፍኩት። 4117ን ጠራሁና «አፍስስ» አልኩት። የቤተሰብ አውራ ጣት የሚያርፍበት ሰሌዳ በራ።

«በቃ ይንኩትና ዝጋው» አሉ ጋሽ ወንድይራድ እንባቸው ሳይመጣ ለመጨረስ እየቸኮሉ።

«መጀመሪያ መልሱን ልይ።»

«የምን መልስ? አፍስስ አልከው፤ ያፈስሳል!»

ባናውን ስገልጠው መልሱ ከታች በትንሹ ተጽፎ ነበር። «አልፈሰሰም። መዝገቡ ቦታ የለውም።» በዚያ ላይ ቢዘጋ ኖሮ የአቶ ጥላዬ ቃል በአንድ አውራ ጣት ይጠፋ ነበር። መዝገቡን ምን እንደሞላው ከፍቼ ሳይ ሠላሳ ዓመት የተጠራቀመ የበዓል ምስል ነው። የሚሽከረከር አደይ አበባ። የምትጨፍር ዶሮ። «እንኳን አደረሰዎ»፣ በአሥራ አራት ሺህ ዓይነት። ሁሉም የጋሽ ወንድይራድ ነው።

«ጋሼ፣ ይጥፋ?»

«ይቺ የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የፋሲካ ናት! እያት፣ ዓይኗን ትጠቅሳለች!»

«ወንድዬ» አሉ እትዬ አስካለ።

ጋሽ ወንድይራድ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «አጥፋት።»

እንደገና አፈሰስኩ። «ፈሷል። 3,201 ፊደል።» ቆጥሬ አመሳከርኩ። ከዚያ መዝገቡን ከፍቼ ማንበብ ጀመርኩ። የሁለት ዓመት ከአራት ወር ንግግር፣ አብዛኛው ለበርና ለአውቶቡስ። «እሺ።» «ቆይ።» «ይሁን።» «ደግ።» ለአንድ ሙሉ ክረምት «ዘነበ» ብቻ። ወደ መጨረሻው ስደርስ ማታ ለምግብ ጠረጴዛው የተናገሩት መጣ። «ጨው በዝቷል።»

«አልበዛም ነበር!» አሉ እትዬ አስካለ።

ቀጥሎ ያለው የንጋቱ ነው። እንደተጻፈው አነበብኩት።

«አውቶቡስ፣ መልሰኝ። በሩን ክፍት ትቼው ወጣሁ። አስካለን ይበርዳታል።»

የአውቶቡሱ መልስ እዚህ አይመዘገብም፤ ግን አውቶቡስ ወደ ኋላ እንደማይመለስ የታወቀ ነው። ከዚያ አንድ መስመር ብቻ ቀርቷል።

«እንግዲያው አንተ ዝጋላት።»

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ነፋስ አልነበረም» አሉ። «ያን በር ነፋስ ያንቀሳቅሰዋል? የጽድ በር እኮ ነው። እኔ ተሸፋፍኜ ስሳደብ...» ከዚያ እንባና ሳቅ አንድ ላይ መጣባቸው። «አሥራ አንድ ቃል ለመናገር መሞት ነበረበት?»

ሲረጋጉ አውራ ጣታቸውን ሰሌዳው ላይ አሳረፉ። «ደህና ሁን፣ ጥላዬ።»

«4117 ተዘግቷል» አለ ስክሪኑ።

አፍስሻለሁ። መልሱን አይቻለሁ። ተዘግቷል። የቀረው አራተኛው ነበር፤ ቁጥሩን ማጥፋት። እጄን ዘረጋሁ። እትዬ አስካለ ቁጥሩን እንደ ሰው ፊት እያዩት ነበር፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እጄን መለስኩ። አንድ ደቂቃ ይዩት አልኩ። በስምንት ወር ውስጥ ይሉኝታ ሲይዘኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

በዚያው ቅጽበት እጄ ላይ ያለው አምባር ነዘረኝ። ስምንት ወር እንደሞተ ሰዓት ይዤው የዞርኩት አምባር አረንጓዴ በራ።

«አቶ ያፌት?» አለ ያ የትሑት ሴት ድምፅ።

«አቤት!» አልኩ።

በቃ፣ ሰው ሆንኩ። ወደ ክፍሉ በር ሄድኩ፤ ምንም ሳይጠይቀኝ ተከፈተ። አንድ እግሬን ወደ ኮሪደሩ አሳለፍኩ። ለመሳቅ አፌን ከፍቼ ሳለሁ ከኋላዬ እትዬ አስካለ ሲናገሩ ሰማሁ።

«አንድ ጊዜ ብቻ? አንዴ ቻው ብሎ የሚሄድ ፖሊስ ነው።»

«እውነትዎን ነው፣ እትዬ» አሉ ጋሽ ወንድይራድ። «ይድገሙት።»

«ቻው የኔ ጌታ። ቻው።»

ዞር ስል አውራ ጣታቸው ሰሌዳው ላይ ነበር። «አይሆንም!» ልል ነበር፤ አላልኩም፤ መዝገቡም አላልኩም ይላል።

«4117 ተዘግቷል። ለቤተሰብ መጽናናትን እንመኛለን።»

በሩ እግሬን ቆንጥጦ ዘጋብኝ።

«ማን ልበል?» አለኝ።

የሕይወት ታሪኬ ከጽሕፈት ቤቱ ማተሚያ ወጣ፤ ግማሽ ገጽ ነው። የተከፈተበት ሰዓት። የተዘጋበት ሰዓት። ልዩነት፣ ዘጠኝ ሰከንድ። ሙሉ ንግግር፦ «አቤት።»

«ይከፈትለታ!» አሉ እትዬ አስካለ። «የዘጋሁት እኔ፣ የምለው እኔ!»

አይከፈትም። ስሜ ወደ ሙታን ዝርዝር አልፏል፤ ሙታን ወረፋ አይይዙም። 4117ም አምባሬ ሳይጠፋ ለወረፋው ቀጣይ ሰው ተሰጥቷል። ጋሽ ወንድይራድ ሦስት ቀን ምግብ አልበላ አላቸው። «እኔ ነኝ ይድገሙት ያልኩት» ይላሉ፤ እኔ ግን ማን እንደሆነ አውቃለሁ። አራት ትእዛዝ ነበረኝ፤ ሦስቱን ፈጸምኩ።

ሐሙስ ማሽኑ ጠፍቶ በራ። ሃያ አንድ ሺህ የሚሆኑት ሙታን ከመዝገብ ተነስተው መስመራቸው እንደገና ተከፈተላቸው፤ ማቆያቸው ግን ባዶ ነው። ሕፃናቱ አሁንም ሻንጣ ናቸው። አቶ ጥላዬ እንደ ሰው መሸኘታቸው ስለተሰማ ግን አንዳንድ ቤተሰብ አሁን ባና ይዞ መምጣት ጀምሯል። ጋሽ ወንድይራድ ያስፈስሳሉ፣ መልሱን ያያሉ፣ ያስዘጋሉ፤ ከዚያ ቁጥሩን በገዛ እጃቸው ያጠፉና ዘመዶቹን ወደ ኮሪደር አውጥተው የፈለጋቸውን ያህል ቻው ያስብሏቸዋል። እስካሁን ሰማንያ ሁለት መስመር ተዘግቷል። ሰማንያ ሁለት ሕፃናት ተከትበዋል።

እኔ የምኖረው እትዬ አስካለ ጓሮ፣ ሰርቪስ ቤት ነው። አውቶቡስ ሲሳፈሩ «አንድ ሻንጣ፣ ስልሳ ስምንት ኪሎ» ይላሉ፤ ሰባቱ ኪሎ የእሳቸው ምግብ ነው። ጨው ይበዛል፤ አልተናገርኩም። የግቢው በር ስለማይከፍትልኝ ቀን ቀን ወለል አድርገው ይተዉልኛል፤ ባናውን ተከናንበው ይንቀጠቀጣሉ። «ለባሌ ያልቻልኩትን ብርድ ለሻንጣ ቻልኩት» ይላሉ።

አንድ መንገድ ብቻ ቀርቶ ነበር። የደንቡ አንቀጽ ሃያ ሁለት፣ በስህተት የተዘጋ መስመር ያንኑ ቁጥር የያዘ ሰው ከመሰከረ እንደገና ይታያል ይላል። ስለዚህ በእትዬ አስካለ መስመር ይህን ጻፍኩ፦

«ለ4117። ጤና ይስጥልኝ። ከእርስዎ በፊት ይህን ቁጥር ለዘጠኝ ሰከንድ የያዝኩት እኔ ነኝ። ከእኔ በፊት አቶ ጥላዬ የሚባሉ ሰው ለሠላሳ አንድ ዓመት ይዘውት ነበር፤ ብዙም አልተናገሩበት። ቁጥሩን እንዲመልሱልኝ አልጠይቅም። ጽሕፈት ቤቱ ሄደው «ከእኔ በፊት የነበረው ሰው አልሞተም» ቢሉልኝ ይበቃኛል። ከእርስዎ ሌላ ማንንም አይሰሙም። እባክዎ አንድ ቃል ይመልሱልኝ። ያፌት፤ ጠባሴ፣ እትዬ አስካለ ቤት። በሩ ክፍት ነው።»

«ተልኳል» አለ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ኅዳር አልፏል። እትዬ አስካለ «ንቆህ ነው» ይላሉ። እኔ ግን ዝምተኛ ሰው ይመስለኛል። ምናልባት መልሶልኝ ይሆናል፤ ማቆያው ገና አልሞላ ይሆናል።